አረንጓዴ ኢጓና በቤታችሁ፦ የእንስሳውም የልጆቻችሁም ጤና እንዲጠበቅ



«ዶክተር፣ ልጄ ኢጓና ካልገዛችሁልኝ ብሎ ቤቱን አናወጠው። በሽታ ያመጣል እንዴ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል፤ በተለይ አሜሪካ ካላችሁ ወላጆች። ውሻ ሲባል የሚያወጣው ሰው የለም፣ ድመት ሲባል ፀጉሯ አለርጂ ይቀሰቅሳል። ከዚያ የልጁ ዓይን መስታወት ሳጥን ውስጥ ወደተቀመጠው አረንጓዴ እንሽላሊት ይዞራል። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ትንሽ ነው፣ አይጮኽም፣ ቅጠል ነው የሚበላው። «ይሄማ ምን ያስቸግራል?» ያስብላል።

ዛሬ ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ ኢጓና ሲታመም የሚያክመው ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ነው። ግን ቤት ውስጥ ኢጓና ሲኖር የሚመጡት ሁለት ትልልቅ ችግሮች እኛም በሙያችን በደንብ የምናውቃቸው ናቸው። አንዱ ኢጓናውን የሚይዘው የአጥንት መልፈስፈስ ነው። ሌላው ሕፃናትን የሚይዘው ሳልሞኔላ ነው። የመጀመሪያው ከብርሃን ማጣት ይመጣል፣ ሁለተኛው ካልታጠበ እጅ። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

1. ኢጓና ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

አረንጓዴ ኢጓና አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ውኃ አጠገብ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ላይ ይኖራል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቅጠል ይበላል። በመልክ አገር ቤት ወንዝ ዳር የምናየውን አርጃኖ ሊያስታውሳችሁ ይችላል። ሆኖም አርጃኖ ሥጋ በል ነው፤ ኢጓና ግን ቅጠል በል ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ምግብ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሱቅ ውስጥ ያያችሁት ትንሽ ኢጓና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ማለትም የአዋቂ ሰው ቁመት ያህል ሊሆን ይችላል። በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ልጃችሁ በ8 ዓመቱ ያመጣው ኢጓና፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲይዝ እናንተው ጋ ቤት ውስጥ ሊጠብቀው ይችላል ማለት ነው። ያኔ ጎመኑን የምትከትፉት እናንተ ናችሁ!

ሕጉንም ጠይቁ። ሃዋይ ውስጥ ኢጓና ማሳደግ ክልክል ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ከተከለከሉ እንስሳት ዝርዝር ገብቷል። ምክንያቱ ሰዎች የሰለቻቸውን ኢጓና ሜዳ ላይ እየለቀቁ፣ እየተራባ አካባቢውን ስላጥለቀለቀው ነው። በሌሎች ግዛቶችም ከተማችሁንና የቤት አከራያችሁን ሳትጠይቁ አትግዙ።

2. መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ?

ኢጓና ጤነኛ ሆኖ፣ ደህና እየበላ፣ ቆዳው እያበራ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ አንጀቱ ውስጥ ይዞ ሊኖር ይችላል። እሱን አያሳምመውም። ባክቴሪያው በኩሱ ይወጣል፣ ከዚያ ቆዳው ላይ፣ ጥፍሩ ላይ፣ የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ፣ የሚታጠብበት ውኃ ውስጥ ይገኛል።

«አስመርምረነዋል፣ ነፃ ነው ተብለናል» የሚሉ አሉ። ባክቴሪያው ሁልጊዜ አይወጣም፤ አንድ ሳምንት ይወጣል፣ ሌላ ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «የለበትም» የሚል ውጤት ዋስትና አይሆንም። አንቲባዮቲክ በመስጠትም ኢጓናውን ከሳልሞኔላ ማጽዳት አይቻልም፤ እንዲያውም መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማፍራት ይሆናል። በቃ፣ እያንዳንዱ ኢጓና ሳልሞኔላ እንዳለበት አስባችሁ ኑሩ።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ተሳቢ እንስሳት ለሚከተሉት ቤተሰቦች አይመከሩም ይላል፦

- ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለበት ቤት
- 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ያለበት ቤት
- የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ያለበት ቤት (የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የሰውነት ክፍል ንቅለ ተከላ ያደረገ፣ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ)

እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬ ሕፃን ባይኖርም ነገ እንደሚመጣ አስቡ። ለአራስ ጥሪ እናታችሁን ከአገር ቤት የምታመጡ ከሆነም ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ወገን ተጋላጭ ይኖራል ማለት ነው፤ አራስ ሕፃንና አያት።

«ሕፃኑ መቼ ይነካዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢጓና ፋሽን ሆኖ በነበረበት ጊዜ፣ ሳልሞኔላ ማሪና የሚባል ከኢጓና ጋር የተያያዘ ዓይነት ሕፃናትን ይዞ ነበር። ሲጠና አብዛኞቹ የታመሙት ኢጓናውን በእጃቸው አልነኩትም። ኢጓናው ቤት ውስጥ ነበረ፣ የነካው ትልቅ ሰው ነበረ፤ ባክቴሪያው በሰውየው እጅ ተሳፍሮ ጡጦው ላይ፣ ልብሱ ላይ፣ የሕፃኑ አፍ ውስጥ ደረሰ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1996 ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ኮሞዶ ድራጎን የሚባለውን ግዙፍ እንሽላሊት ለማየት የሄዱ ልጆች በሳልሞኔላ ታመሙ። ልጆቹ እንስሳውን አልነኩትም። የነኩት ከፊቱ የቆመውን የእንጨት አጥር ነው። ከጉብኝቱ በኋላ እጃቸውን የታጠቡት ግን ከበሽታው የመዳን ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሳሙናና ውኃ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

3. ካላችሁ ወይም ልታመጡ ከወሰናችሁ፦ የቤቱ ሕግ

ቤታችሁ ውስጥ ተጋላጭ ሰው ከሌለ ወይም ኢጓናው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ፣ እነዚህን ሕጎች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኬጁ አጠገብ ለጥፉ፦

- ኢጓናውን፣ ኬጁን፣ ሳህኑን ወይም ውኃውን የነካ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ እጁን ይታጠብ። የእጅ ጄል ውኃ በሌለበት ሰዓት መጠባበቂያ ነው እንጂ ሳሙናን አይተካም።
- ኩሽና አይገባም። ምግብ የሚሠራበት፣ የሚቀርብበትና የሚበላበት ቦታ ሁሉ ለእሱ ክልክል ነው። መሶብ ወዳለበት ክፍል ኢጓና ትከሻ ላይ አድርጎ መምጣት አይፈቀድም።
- ሳህኑና ዕቃው በወጥ ቤት ሲንክ አይታጠብ። የራሱ የፕላስቲክ ገንዳ ይኑረው፣ ቆሻሻ ውኃው ሽንት ቤት ይደፋ። ኢጓና ውኃ ውስጥ ሲገባ ኩሱን መጣል ስለሚወድ የመታጠቢያው ውኃ ንጹሕ ነው ብላችሁ አታስቡ።
- ልጆች የሚታጠቡበት ባኞ ውስጥ አይታጠብ። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ከተጠቀማችሁ በሳሙና ፈትጋችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ፣ ከዚያ ውኃ በተቀላቀለበት በረኪና አጽዱት።
- መሳም የለም። ፊት አጠገብ ማቅረብ የለም። አልጋ ላይ ማስተኛት የለም።
- ኬጁን ማጽዳት የአዋቂ ሥራ ነው፤ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከጨረሳችሁ በኋላም እጃችሁን ታጥባችሁ።
- ሕፃን ልታቅፉ ወይም ጡጦ ልታዘጋጁ ከሆነ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ፤ ኢጓናው ትከሻችሁ ላይ ወጥቶ ከነበረ ልብሳችሁንም ቀይሩ።

4. ብርሃን፦ ኢጓናን የሚገድለው ትልቁ ነገር

አሁን ወደ እንስሳው ጤና እንምጣ። እዚህ ጋ አገር ቤት ያደጋችሁ ሁሉ የምታውቁት ነገር ይረዳችኋል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ሕፃኑን የጠዋት ፀሐይ አሙቁት» ትባሉ የለ? ምክንያቱን ታውቃላችሁ፦ ከፀሐይ የሚመጣው ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ከምግብ ካልሲየም አይወስድም። ካልሲየም ከሌለ አጥንት አይጠነክርም። ሕፃኑ እግሩ ይጎብጣል፣ የእጅ አንጓው ያብጣል፣ ጥርሱ ይዘገያል። ይሄ ሪኬትስ የምንለው በሽታ ነው።

ኢጓናም ልክ እንደዚያው ነው። ዩቪቢ ካላገኘ የበላው ካልሲየም አይጠቅመውም። ሰውነቱ ለልብና ለጡንቻ ሥራ ካልሲየም ስለሚያስፈልገው ከራሱ አጥንት እየቆረሰ መውሰድ ይጀምራል። ከዚያ፦

- መንጋጋው እንደ ጎማ ይለሰልሳል ወይም ያብጣል፣ ምግብ ማኘክ ያቅተዋል
- እግሮቹ ያብጣሉ፤ ባለቤቱ «ወፈረልኝ፣ ፈረጠመልኝ» ብሎ ይደሰታል፣ እንስሳው ግን ታሟል
- ሲሄድ ሆዱን ከመሬት ማንሳት ያቅተዋል
- ጣቶቹና እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ
- ከትንሽ ከፍታ ሲወድቅ አጥንቱ ይሰበራል

ታዲያ «መስኮት አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል» የሚል ሰው ለምን ይከሽፍበታል? የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ዩቪቢውን ግን ይይዘዋል። ለዓይናችን ብርሃን አለ፣ ለአጥንቱ ግን ጨለማ ነው። (ሕፃናችሁንም በመስታወት ውስጥ ፀሐይ ማሞቅ ለቫይታሚን ዲ የማይጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ስለሚመከር የሕፃናት ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

ስለዚህ ምን ይደረግ?

- ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ የተሠራ የዩቪቢ አምፖል ግዙ። ተራ የቤት አምፖል፣ ቀይም ሆነ ሰማያዊ መብራት፣ ዩቪቢ የለውም።
- ረጅሙ ቱቦ የመሰለው ዓይነት ሰፋ ያለ ቦታ ያዳርሳል። በአምፖሉና በኢጓናው መካከል መስታወት ወይም ፕላስቲክ አይግባ። ርቀቱን ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።
- በቀን ወደ 12 ሰዓት ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። በሰዓት የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ብትገዙ ከመርሳት ያድናችኋል።
- አምፖሉ እየበራም ቢሆን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ቀይሩት፤ ብርሃኑ ሳይቀንስ ዩቪቢው ያልቃል። የገዛችሁበትን ቀን አምፖሉ ላይ ጻፉ።
- በጋ ላይ ውጭ ሲሞቅ፣ በሽቦ በተሠራ ኬጅ ጥላም ባለበት ቦታ፣ እያያችሁት እውነተኛ ፀሐይ ይሙቅ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ግን ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቀቀል ይችላል።

ቫይታሚን ዲ በዱቄት አብዝቶ መስጠት ደግሞ መፍትሔ አይደለም። ኢጓና ከምግብ ከሚያገኘው ይልቅ በቆዳው የሚሠራው ይሻለዋል፤ ዱቄቱ ሲበዛ ካልሲየም ኩላሊትና የደም ሥር ላይ እየተጋገረ ሌላ በሽታ ያመጣል።

5. ሙቀት፣ እርጥበትና ቤት

ኢጓና እንደኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ሙቀቱን ከአካባቢው ነው የሚበደረው። በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ብርድ ሲመጣ የማያሚ አየር ትንበያ ቢሮ «ዛሬ ሌሊት ኢጓናዎች ከዛፍ ሊወድቁ ይችላሉ» ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ቀልድ አይደለም። ሲበርደው ሰውነቱ ይደነዝዛል፣ ቅርንጫፉን መያዝ ያቅተዋል።

ቤታችሁ ውስጥ ከዛፍ አይወድቅም፣ ግን ከበረደው የበላውን መፍጨት አይችልም። ስለዚህ፦

- ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (ከ90 እስከ 95 ፋራናይት) ይሁን።
- ሌላው የኬጁ ክፍል ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ይሁን፤ ሲሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ያስፈልገዋል።
- ሌሊት ከ24 ዲግሪ (75 ፋራናይት) ብዙ እንዳይወርድ። ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ ተጠቀሙ።
- በእጅ ዳሰሳ አትገምቱ፤ በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር አስቀምጡ።
- በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ አትግዙ። ኢጓና ሆዱ ሲቃጠል ቶሎ አይሰማውም፤ እየተቃጠለ ይተኛበታል።

እርጥበቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይሁን። ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ ርጩበት፣ ሰፊ የውኃ ዕቃም አስቀምጡለት። አየሩ ሲደርቅ ውኃ ይጠማዋል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ቆዳው ሲላጥ ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። የዕጣን፣ የከሰልና የሲጋራ ጭስ ካለበት ክፍልም አርቁት። ቡና የምታፈሉት ሳሎን ከሆነ ኬጁ ሌላ ክፍል ይሁን።

ቤቱን በተመለከተ ግልጽ ልሁንላችሁ። ሱቅ አብሮ የሚሸጥላችሁ የመስታወት ሳጥን ለወራት ብቻ ነው የሚበቃው። ያደገ ኢጓና ቢያንስ 1.8 ሜትር ቁመት፣ 1.8 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኬጅ ይፈልጋል፤ ማለትም የትልቅ ቁም ሣጥን ያህል ነው። ዛፍ ላይ የሚኖር ስለሆነም የሚወጣበት ወፍራም እንጨት ያስፈልገዋል።

6. ምግብ፦ ኢጓና ዕድሜ ልኩን ፆመኛ ነው

ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልንገራችሁ፦ ኢጓና ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና የውሻ ወይም የድመት ምግብ አይበላም። ቢሰጡት ይበላል፣ ግን አንጀቱም ኩላሊቱም የተሠሩት ለቅጠል ነው። የእንስሳት ፕሮቲን ሲበዛበት ኩላሊቱ ይደክማል፣ ዩሪክ አሲድ ይጠራቀማል፣ ሪህ ይይዘዋል። አዎ፣ ሰውን የሚይዘው ሪህ።

ደስ የሚለው ነገር ዋናው ምግቡ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ውጭ አገር ለጎመን ወጥ የምትገዙት ኮላርድ የሚባለው ጎመን ለኢጓና ከሚመከሩት ቅጠሎች አንዱ ነው፣ ካልሲየሙ ጥሩ ስለሆነ። ግን ጥሬውን፣ በደንብ ታጥቦ፣ ደቆ። የተሠራው ወጥ ዘይት፣ ሽንኩርትና ጨው ስላለው አይሰጥም።

በየቀኑ የሚሰጥ፦ ኮላርድ፣ የሰናፍጭ ቅጠል፣ ዳንዴሊዮን (መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ የተለቀመ)። አንድ ዓይነት ብቻ አትስጡ፣ ቀላቅሉ።

ከላይ ጨመር የሚደረግ፦ ጥሬ ዱባ የተፋቀ፣ ፎሶሊያ።

በጥቂቱ ብቻ፦ ፓፓያ፣ ማንጎና ሌላ ፍራፍሬ። ከምግቡ ከአሥር አንድ እጅ አይብለጥ።

የማይዘወተር፦ ቆስጣና ስፒናች። ውስጣቸው ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ነጣ ያለው ጥቅል ሰላጣም ውኃ ብቻ ስለሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም።

ፈጽሞ የማይሰጥ፦ አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት።

ምግቡን ጠዋት ስጡት፤ በልቶ ፀሐዩን ሲሞቅ ነው የሚፈጨው። ማታ በልቶ ብርድ ላይ ካደረ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ፎስፈረስ የሌለበት የካልሲየም ዱቄት ምግቡ ላይ ይነስነስ፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ የእንስሳት ሐኪሙ በዕድሜው አይቶ ይንገራችሁ።

በነገራችን ላይ ሲያስነጥስ ነጭ ነገር ከአፍንጫው ቢወጣ አትደንግጡ፤ ኢጓና ትርፍ ጨው የሚያስወጣው በአፍንጫው ነው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

7. ጠባዩ፣ ንክሻውና እንቁላሉ

ኢጓና ውሻ አይደለም። ሊለምዳችሁ ይችላል፣ ግን ሁልጊዜ መታቀፍ አይፈልግም። ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ እየነቀነቀ፣ ጉሮሮው ሥር ያለውን ቆዳ ዘርግቶ ጎኑን ካሳያችሁ «ራቁኝ» ማለቱ ነው። ቀጥሎ ጅራቱ እንደ አለንጋ ይመጣል። በተለይ ያደገ ወንድ በዓመት አንዴ፣ በመራቢያ ወቅቱ፣ ለማዳ የነበረው እንኳን ጠባዩ ተለውጦ ሊናከስ ይችላል። በዚያ ወቅት ልጆች አይያዙት። ጅራቱን ይዞ መጎተትም አይቻልም፣ ተቆርጦ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለብዙ ደቂቃ እጠቡ። ጥልቅ ከሆነ፣ ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ የቴታነስ ክትባታችሁም ከቆየ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከዳነ በኋላም እዩት። ኮስታ ሪካ ውስጥ ለእረፍት ሄዳ ኬክ ይዛ የተቀመጠች የ3 ዓመት ልጅን ኢጓና ኬኩን ሊነጥቅ ሲል እጇን ነክሷት ነበር። ቁስሉ ዳነ። ከወራት በኋላ ግን ቦታው ላይ እብጠት ወጣ፤ ሲመረመር ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል፣ ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር የሚዛመድ ተሕዋስ ተገኘ። ሐኪሞቹ ተስማሚውን መድኃኒት ሰጥተው እብጠቷ ተሽሏታል። ትምህርቱ ምንድን ነው? ቆይቶ የመጣ እብጠትም ቢሆን «ከወራት በፊት ኢጓና ነክሶኝ ነበር» ማለትን አትርሱ።

ሴት ኢጓና ደግሞ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። ሆዷ ካበጠ፣ መብላት ካቆመች፣ እየቆፈረች ከተቁነጠነጠች የምትጥልበት እርጥብ አፈር ወይም አሸዋ ያለበት ሳጥን አዘጋጁላት። ደክማ ከተኛችና እንቁላሉ ካልወጣ ግን አደጋ ነው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ።

8. መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው?

ለኢጓናው፦ ለቀናት ካልበላ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መንጋጋው ወይም እግሩ ካበጠ፣ መነሳት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ። ተሳቢ እንስሳት ሕመማቸውን ስለሚደብቁ ምልክት ካያችሁ ሕመሙ ቆይቷል ማለት ነው። የሚያክመውን ሐኪም ከመግዛታችሁ በፊት ፈልጉ፤ ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ኢጓና አያይም።

ለሰው፦ የሳልሞኔላ ምልክት ባክቴሪያው ከገባ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፦ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት። ብዙ ሰው ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፈሳሽ እየወሰደ ይድናል። ኦ.አር.ኤስ ስጡ። ከበፊት የተረፈ አሞክሲሲሊን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አውጥታችሁ አትስጡ።

የሚከተሉት ሲታዩ ግን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ፦
- ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ካለው (38 ዲግሪና ከዚያ በላይ)
- ሰገራ ላይ ደም ካለ
- ሕፃኑ ካልጠባ፣ ዳይፐሩ ለሰዓታት ደረቅ ከሆነ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው
- ከተዝለፈለፈ፣ ለመንቃት ካስቸገረ
- ትኩሳቱ ወይም ተቅማጡ ከጥቂት ቀናት በላይ ከቆየ

ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ቤታችን ኢጓና አለ» በሉ። ይህ አንድ ቃል ምርመራውን ያሳጥራል። ሳልሞኔላ ሕፃናት ላይ ወደ ደምና ወደ አንጎል ሽፋን ሊገባ ስለሚችል ሰዓት ዋጋ አለው።

ለማጠቃለል

ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመልስ፦

1) ቤታችን ውስጥ ከ5 ዓመት በታች፣ አዛውንት ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው አለ?
2) የቁም ሣጥን ያህል ኬጅ የሚቀመጥበት፣ ከኩሽና የራቀ ቦታ አለን?
3) የዩቪቢ አምፖል በየጊዜው ለመቀየር፣ ለማሞቂያ መብራት ለመክፈል አቅሙ አለን?
4) ኢጓና የሚያክም ሐኪም በአቅራቢያችን አለ?
5) ልጁ ሲሰለቸው ለ15 ዓመት ማን ይንከባከበዋል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ፣ ወይም ለቀሩት አንዱ እንኳን «የለም» ከሆነ፣ ልጃችሁን «አሁን አይሆንም፣ ስታድግ» ማለት ጭካኔ አይደለም፤ ለልጁም ለእንስሳውም ማሰብ ነው። ቀድሞ የገባና የማትችሉት ከሆነ ደግሞ ውጭ አትልቀቁት፤ ክረምት ላይ ይሞታል፣ ሞቃት ቦታ ከሆነም ለሌሎች መዘዝ ይሆናል። የእንስሳት ሐኪሙን ወይም ተሳቢ እንስሳትን የሚቀበል ማቆያ ጠይቁ።

መልሳችሁ ከተሟላ ግን በሚገባ ያዙት። ብርሃኑን አትንፈጉት፣ ጎመኑን አትከልክሉት፣ እጃችሁን መታጠብ አትርሱ።

ኢጓና ወይም ሌላ ተሳቢ እንስሳ ቤታችሁ ካለ ምን ያህል ጊዜ አብራችሁ እንደኖራችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ሕፃን ያለው ኢጓና አሳዳጊ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት።

መልካም ጤና!